ፓነሉን ተማሪዎች ይምሩት ሲባል ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ኮሌጃችን በምህንድስና ትምህርት ላይ ጉባኤ ያዘጋጃል። ዘንድሮ አንዱ የ75 ደቂቃ ፓነል በተማሪዎች ይመራ ተባለና እኔ አወያይ ሆኜ ተመረጥኩ። ርዕሱ ‹የምህንድስና ትምህርት የወደፊት አቅጣጫ› ነው ተብለናል። ስድስት ተወያዮችም ተጠቁመዋል፤ ሁለቱ ተማሪዎች፣ አራቱ መምህራንና ኃላፊዎች ናቸው። ሁለት ነገር ያስፈራኛል። ወይ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ወይ አንድ ሰው ማይኩን ይዞ ይቀራል። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ማይኩም ስለ ዝምታውም እመጣበታለሁ። ሁለቱም ፍርሃቶችሽ ግን የሚነሱት ከርዕሱ ይመስለኛል። «የወደፊት አቅጣጫ» የሚል ርዕስ ሲሰጠው ግማሹ ሰው ዝም ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ከጀመረ አያቆምም። ስለ ወደፊት ማንም የፈለገውን ማለት ይችላል፣ ተሳስተሃል የሚለውም የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ርዕሱን አጥብቢው።

ለማጥበብ አንድ ጥያቄ ይበቃሻል። እዚያ አዳራሽ ከሚቀመጡት ሰዎች ውስጥ ተማሪ ብቻ የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው? ስለ ካሪኩለም ዲኑ ከአንቺ በላይ ያውቃል። ስለ ጥራት መመዘኛ ጥራት ቢሮው ያውቃል። ስለ ገበያው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ያውቃል። ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ የተመደበ ልጅ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ምን እንደተባለ ግን የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው። በቡድን ፕሮጀክት ማን እንደሠራ፣ ማን ስሙን ብቻ እንዳጻፈ የሚያውቁት የቡድኑ አባላት ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ አንዱ ቶርኖውን ሲነካ የቀሩት ምን ሲሠሩ እንደዋሉ፣ የላብ ሪፖርቱ ከየትኛው ባች ፋይል እንደተገለበጠ፣ ይሄ ሁሉ የተማሪ እውቀት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ የፋይናል ፕሮጀክቱ ሥራና የፈተናው ጥናት ሲጋጩ ተማሪው የትኛውን እንደሚተው ከእናንተ የተሻለ የሚነግረን የለም።

በእኔ ግምት ለእናንተ ባች የሚያዋጣው የኢንተርንሺፑ ጉዳይ ነው። ወጥታችሁ ተመልሳችኋል። ትዝታው ትኩስ ነው። ደግሞም መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጥያቄውን እንዲህ አድርጊው፦ «የኢንተርንሺፕ የመጀመሪያው ወር እንዴት አለፈ? ማንስ ሊለውጠው ይችላል?» የመጀመሪያውን ወር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ኢንተርንሺፕ ይጠቅማል ወይ?» ካልሽ ሁሉም «በጣም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ተግዳሮቶች አሉ» ብሎ ይቀመጣል። ስለ መጀመሪያው ወር ከጠየቅሽ ግን ሰው ማስታወስ ይጀምራል። የደህንነት ጫማ ስለሌለው ቢሮ ውስጥ ሲቀመጥ የከረመ ይኖራል። ፎቶ ኮፒ ሲያደርግ የቆየ ይኖራል። እድለኛ ሆኖ አንድ የድሮ መካኒክ ክንፉ ሥር ያስገባውም ይኖራል። የዚህ የመጨረሻው ልጅ ታሪክ ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል፤ ምን ሲደረግ እንደሚሳካ የሚያሳየው እሱ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ተማሪዎች መድረክ ሲሰጣቸው ብዙ ጊዜ እንደ ትንንሽ ፕሮፌሰር መናገር ይጀምራሉ። ከረባት ይታሰራል፣ ፓወርፖይንት ይከፈታል፣ «አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮት» ይባላል። ይሄን ከእናንተ የሚጠብቅ የለም። ለዚያ የሚሆን ሰው አዳራሹ ሞልቶታል። እናንተን የሚፈልጋችሁ እንደ ምስክር ነው። ያያችሁትን፣ የሞከራችሁትን፣ የሆነባችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ነው ሰው ቀና ብሎ የሚሰማው።

ይሄ ዝም ብሎ የእኔ አመለካከት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ ቦስተን አቅራቢያ ኒድሃም በምትባል ከተማ ኦሊን የሚባል ትንሽ የምህንድስና ኮሌጅ አለ። ገና ከመሠረቱ ሲቋቋም እ.ኤ.አ. በ2001 መደበኛ ትምህርት ሳይጀምር 30 ተማሪዎችን ተቀበለ። ግማሹ ሴት፣ ግማሹ ወንድ። ሥራቸው ለአንድ ዓመት ከመምህራኑ ጋር ሆነው ትምህርቱን መሞከርና መቅረጽ ነበር። «አጋሮች» ነበር የሚባሉት። በዚያ ዓመት አንድ ሙከራ ተደረገ። ለጥቂት ተማሪዎች አምስት ሳምንት ተሰጣቸውና ፐልስ ኦክሲሜትር ሥሩ ተባሉ። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያወቅነው፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ማለት ነው። ልጆቹ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ነው የመጡት። ለዚያ የሚያስፈልገውን ኮርስ አንዱንም አልወሰዱም። መምህራኑም ይሳካላቸዋል ብለው አልጠበቁም። ልጆቹ ግን ሠሩት። ሠርተውም ከእውነተኛው የሆስፒታል መሣሪያ ጎን አስቀምጠው አሳዩ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ሚለር ይህን ታሪክ ለዓመታት ሲናገረው ኖሯል። ኮሌጁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተማሪን ወደ ሥራ ማስገባት ይቻላል ብሎ እንዲያምን ያደረገው አንዱ ነገር ይሄ ነው። ተማሪዎቹ እዚያ የተሰሙት ጥሩ ንግግር ስላደረጉ አይደለም። አንድ ነገር ሞክረው ውጤቱን ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጡ ነው።

ተማሪ የሚመራው መድረክም አዲስ ነገር አይደለም፤ «እኛ ገና ተለማማጅ ነን» ብለሽ አንገትሽን እንዳትደፊ ነው ይሄን የምነግርሽ። የአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ፣ በዓለም ኤግዚቢሽኑ ወቅት ነው የተመሠረተው። ዛሬ ከክፍሎቹ አንዱ የተማሪዎች ክፍል ነው፤ በዓመታዊው ጉባኤ ላይ የራሱ ፕሮግራም አለው። አውሮፓ ውስጥ ቤስት የሚባለው የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ። ተማሪን ከመምህርና ከኩባንያ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለ ትምህርት ያወያያል፤ የወጣውን ሐሳብም በሪፖርት ያስቀራል። ስፒድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች መድረክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ነው የተጠነሰሰው። የእነሱን ጉባኤ የምወድለት ምክንያት አለኝ። ተማሪዎቹ ውይይቱን ሲጨርሱ ወደ አገራቸው ሄደው የሚሠሩትን ነገር በእቅድ ጽፈው እንዲወጡ ይደረጋል። ፎቶ ተነስቶ መበተን የለም።

ወደ ስድስቱ ተወያዮች እንምጣ። ስድስት ይበዛል። አብረን እናስላው። አንዳቸው ለመክፈቻ ሰባት ደቂቃ ቢወስዱ 42 ደቂቃ ሄደ። የእያንዳንዱ ሲቪ ሲነበብ አሥር ደቂቃ። ከሻይ እረፍት የሚመለሰው ሰው ደግሞ በትንሹ አሥር ደቂቃ ይዘገያል፤ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። የቀረሽ 13 ደቂቃ ነው። ያ ፓነል ሳይሆን ተራ በተራ የሚነበብ ንግግር ነው። ታዳሚው እጁን ሲያወጣ ምሳ ደርሷል።

አራት ይበቁሻል። ሁለት ተማሪ፣ አንድ በቅርቡ የተመረቀ፣ አንድ ደግሞ ጉዳዩን በእጁ የያዘ ሰው። የተመረቀውን አትርሺው። እሱ ሁለቱንም ወገን አይቷል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግሬድ የሚሰጠው የለም፣ ስለዚህ አፉን አይዘውም። አራተኛው ሰው ስሙ ትልቅ ይሁን አልልሽም። የኢንተርንሺፕ ምደባውን የሚሠራው የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ባለሙያ ከፕሬዝዳንቱ በላይ ይጠቅምሻል። ማክሰኞ ቢሮው ገብቶ ቅጹን መቀየር የሚችለው እሱ ነው።

ተማሪዎቹን ስትመርጪ የባቹን ሰቃይ ብቻ አትጥሪ። ሰቃዩ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይናገራል፣ ግን ሥርዓቱ ለእሱ ሠርቶለታል። አንድ ኮርስ እንደገና የወሰደ ልጅ ሥርዓቱ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ የበለጠ ያውቃል። ወርክሾፕ ውስጥ በወንዶች መሃል ብቻዋን የሆነች ልጅም ጥሪ፤ አንዳንዱን ነገር ከእሷ በቀር የሚያነሳው የለም። ለምሳሌ ሳይት ላይ የሴት መጸዳጃ ቤት አለመኖሩን።

ቀሪዎቹን ኃላፊዎችስ? አዎ፣ ይሄ ከባዱ ነው። ከተጠቆሙ በኋላ አንሱልን ማለት ነውር ይመስላል። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ፓነሉ የተማሪ ስለሆነ እርስዎን እንደ ዋና ምላሽ ሰጪ ነው የምንፈልግዎት። ተማሪዎቹ ከተናገሩ በኋላ የመጨረሻውን ምላሽ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።» ይሄ ሽንገላ አይደለም። የመጨረሻውን ቃል መያዝ ክብር ነው፤ አንቺም የምትፈልጊው በትክክል ይሄንኑ ነው። ኃላፊ መጀመሪያ ከተናገረ ከእሱ በኋላ የሚናገር ተማሪ ሁሉ «ክቡር ዲን እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ፓነሉ አለቀ። የፊት ወንበር ስጫቸው፣ ስማቸውን በአክብሮት ጥሪ፣ የቅደም ተከተሉን ጉዳይ ግን አትልቀቂ።

አሁን ጥያቄዎቹ። አወያይ ሥራዋን የምትጨርሰው መድረክ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። ጥያቄሽን «ምን ይመስልሃል?» ብለሽ ከጀመርሽ አስተያየት ይመጣልሻል። «መቼ»፣ «የት»፣ «ከዚያስ ምን አደረግሽ?» ብለሽ ከጀመርሽ ታሪክ ይመጣልሻል። አንዳንድ ምሳሌ ልስጥሽ። «ኢንተርንሺፕ ላይ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ የተሰጠህ በስንተኛው ሳምንት ነው? ምን ነበር?» «ያልገባሽን ነገር ማንን ጠየቅሽ?» «ያስገባኸው ሪፖርት ላይ ያልጻፍከው፣ ግን የሆነ ነገር አለ?» ይቺ የመጨረሻዋ ከባድ ነች። ቀድመሽ ሳትነግሪ ለማንም አታንሺያት።

ለአራቱ ተወያዮች ጥያቄዎቹን አስቀድመሽ ስጫቸው፤ መልሱን ግን አብራችሁ አትለማመዱ። የተለማመዱት መልስ መድረክ ላይ ሲወጣ እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ነው የሚሰማው። አንድ ጊዜ ሻይ ቡና እያላችሁ ተገናኙ፣ ማን የትኛውን ታሪክ እንደሚያነሳ ተስማሙ፣ በቃ። ፓወርፖይንት ይቅር።

ከባቹ ደግሞ ወረቀት ሰብስቢ። አንድ ገጽ፣ ስም የሌለው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «በመጀመሪያው ወር የሆነ አንድ ነገር ንገሩን።» ስም የሌለው ያልኩት የሚፈራ ስለሚኖር ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው ያለን። ፍርሃቱ ደግሞ ከንቱ አይደለም። ዛሬ የሚተቸው መምህር ነገ ፋይናል ፕሮጀክቱን ይገመግማል። ስለዚህ የሰበሰብሽውን ወረቀት አንቺ ራስሽ አንብቢው። ሰው የሚያስለይ ነገር ካለው፣ ማለትም የድርጅት ስም፣ የመምህር ስም፣ «እኔ ብቻ ነኝ ከዚህ ባች እዚያ የሄድኩት» የሚያሰኝ ዝርዝር ካለው አውጪው። ክፍለ ጊዜው ሲከፈት ደግሞ አንድ ደንብ ተናገሪ። ለንደን ያለው ቻተም ሃውስ የሚባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው፣ ዛሬ በብዙ ስብሰባ የሚሠራበት ደንብ ነው። እዚህ የሰማችሁትን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ማን እንዳለው ግን አትናገሩም። ሰውን ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ዲኑ ባሉበት ጮክ ብሎ መነገሩ ራሱ ዋጋ አለው።

ከመምህራኑ መሃል አንዱ «ይሄ የግል ገጠመኝ ነው፣ ዳታ የታለ?» ማለቱ አይቀርም። አትደንግጪ። ገጠመኙን እንደ ገጠመኝ አቅርቢው፤ «ሁሉም ተማሪ እንዲህ ሆኗል» አትበዪ። ከጎኑ ግን አንድ ጠንካራ ጥናት ማወቅ አይከፋም። ለምሳሌ ውይይቱ ወደ ማስተማር ዘዴ ከዞረ ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት አለ። በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል የሚወድቀው ተማሪ ወደ 34 በመቶ ነበር። ተማሪው እየሠራ፣ እየተወያየ በሚማርበት ክፍል ወደ 22 በመቶ። ይሄን ቁጥር በኪስሽ ያዢ። ካልተጠየቅሽ አታውጪው።

ስለ ቋንቋው ምንም አልጠየቅሽም። ግን አዳራሹ ዝም የሚልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ስለሆነ እኔው ላንሳው። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው፣ ጉባኤውም ምናልባት በእንግሊዝኛ ይሆናል። ዶርም ውስጥ ስለ ኢንተርንሺፕ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ ልጅ ማይክ ሲሰጠው «አይ ዊል ላይክ ቱ…» ብሎ ይጀምርና ሐሳቡ ከመንገድ ይቀራል። ሐሳብ አጥሮት አይደለም፤ ሰዋስው እያሰበ ነው። ስለዚህ ስትከፍቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጊ፦ «በተመቻችሁ ቋንቋ ተናገሩ፤ እኛ እንተረጉማለን።» ከዚያ አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ትግርኛም፣ ሶማሊኛም የሚችሉ ሁለት ሦስት ጓደኞች ከፊት አስቀምጪ። የውጭ እንግዳ ካለ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ በሹክሹክታ ያስረዳው። አዘጋጆቹ ደረጃውን ዝቅ ያደርጋል ካሉሽ ግን ተከራከሪ። የጉባኤ ደረጃ የሚለካው በሚነገረው ነገር ነው።

ወደ ዕለቱ ስንመጣ 75 ደቂቃውን እኔ እንዲህ እከፋፍለው ነበር። አምስቱ ለመክፈቻ፣ ለደንቡና ከወረቀቶቹ አንድ ሁለቱን ለማንበብ። ሲቪ አይነበብም፤ ፕሮግራሙ ላይ ይታተም። ሃያው ለአራቱ ተወያዮች፣ ለያንዳንዳቸው አምስት አምስት፣ በንግግር ሳይሆን በጥያቄና መልስ። አምስት ደቂቃ ታዳሚው እርስ በርሱ እንዲነጋገር። ሠላሳ ደቂቃ ለታዳሚው። አሥራ ሁለቱ ለምላሽ ሰጪዎቹ። ሦስቱ ለመዝጊያ።

ያቺ ታዳሚው እርስ በርሱ የሚነጋገርባት አምስት ደቂቃ ለዝምታው ፍቱን መድኃኒት ነች። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍራንክ ላይማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። መጀመሪያ ለብቻህ አስብ፣ ከዚያ ለጎረቤትህ ንገር፣ ከዚያ ለሁሉም። ሰው ሐሳቡን አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ከተናገረው ሁለተኛ ጊዜ ለመቶ ሰው መናገር አያስፈራውም። አዳራሹ ሲንጫጫ ስትሰሚ ገብቶታል ማለት ነው። ከዚያ ማይኩን አንስተሽ «ከጎረቤቱ ጥሩ ነገር የሰማ አለ?» በይ። የራሱን ለመናገር የሚፈራ የጎረቤቱን በደስታ ያወራል።

ሌላው ዝም ማለትን መቻል ነው፤ አንቺ ማለቴ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አካባቢ የመምህራንን ክፍል ቀርጻ አዳመጠች። መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ረዘመ፣ የሚሳተፈውም በዛ። ሦስት ሰከንድ ስትሰሚው ትንሽ ነው። መድረክ ላይ ስትቆሚ ግን ላብ ያስመጣል። ጥያቄሽን ጠይቂ፣ ውሃ ተጎንጪ፣ ጠብቂ። ዝምታውን ራስሽ መልሰሽ እንዳትሞዪው።

አሁን ስለ ማይኩ። ማይኩን ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ገመድ አልባውን ማይክ የሚይዝ አንድ ጓደኛ መድቢ። እየዞረ ሰው አፍ ላይ ያደርግ እንጂ እጅ ላይ አያስጨብጥ። ማይክ የጨበጠ ሰው ይቆማል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ያዘጋጁትን…» ይላል። ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለ። እጁን ያወጣና «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ፣ ሦስት ነጥብ ነው» ይላል። ሦስተኛው ነጥብ ደርሶ አያውቅም። ሰውየውን ማቋረጥ ባለጌነት ይመስልሻል። ግን ያን ሁሉ ተማሪ ያለ ተራ ማስቀረትስ? ስለዚህ ሕጉን ቀድመሽ ተናገሪ፦ «አንድ ሰው አንድ ደቂቃ፣ አንድ ነጥብ። ፕሮፌሰርም ቢሆኑ፣ ፍሬሽማንም ቢሆን።» ሰው ይስቃል፣ ሕጉም ይጸናል። አንድ ልጅ ከፊት ወንበር ቁጭ ብሎ ደቂቃ ሲሞላ ካርድ ያንሳ። ያም ካልሠራ እንዲህ በይ፦ «ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ነጥብዎን ጽፌዋለሁ። ሰዓት ስለጠበበን ከኋላ እጇን ላወጣችው ልጅ ልስጥ።» መጻፍሽ እንዲታይ እስክሪብቶ ይኑርሽ። ሰው የሚያቋርጠው ሰው ላይ የሚቆጣው ያልተሰማ ሲመስለው ነው።

ከፊት ያሉት ብቻ እንዳይናገሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዕድሎች ከኋላ ወንበር ጀምሪ። ከኋላ የሚቀመጡት ታችኛው ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ፊቱን ካስቀደምሽ ወደ ኋላ አትደርሺም።

ምላሽ ሰጪዎቹ ሲመጡ ደግሞ ጥያቄሽን ጠባብ አድርጊ። «ምን ይላሉ?» ካልሽ «ጥሩ ሐሳቦች ተነስተዋል፣ በሚመለከተው አካል ይታያል» ይመጣል። «የሚመለከተው አካል» የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ይልቅ «ከተነሱት መሃል ያለ ተጨማሪ በጀት በሚቀጥለው ሴሚስተር ሊስተካከል የሚችል የቱ ነው? ማን ይሠራዋል?» በያቸው። አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። ለምሳሌ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ድርጅቱ የመጀመሪያውን ወር ሥራ በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ ማለት። ትንሽ ነገር ነው። ግን ፎቶ ኮፒ ላይ ከመክረም የሚያድነው ይሄ ነው። ኃላፊው እሺ ካሉ አመስግኚና ጻፊው፤ አይሆንም ካሉም ምክንያታቸውን ጻፊው። አይሆንም ያለ ሰው ቢያንስ አስቦበታል።

በሳምንቱ አንድ ገጽ ይጻፍ። ሪፖርት አትበዪው፣ ሪፖርት የሚለው ስም ራሱ ያስረዝመዋል። ምን ተባለ፣ ማን ምን ለማድረግ ተስማማ፣ እስከ መቼ። ለተሰብሳቢው በቴሌግራም ይላክ፤ ለኮሌጁ ደግሞ በደብዳቤ፣ በመዝገብ ቤት በኩል፣ ቁጥር ወጥቶለት። ቁጥር የሌለው ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የለም ማለት ነው። አንቺ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ፤ ስለዚህ የአራተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ምክትል አወያይ ከአሁኑ አስገቢ። የሚቀጥለው ዓመት ላይ «ያ ነገር የት ደረሰ?» የሚለው እሱ ወይም እሷ ይሆናሉ።

«ርዕሱን አንቀይርም፣ ባነሩ ታትሟል» ቢሉሽስ? ግድ የለም። ባነሩ ላይ «የወደፊት አቅጣጫ» ይሁን። ፕሮግራሙ ላይ ከሥሩ አንድ መስመር እንዲጨመርልሽ ጠይቂ፣ የኢንተርንሺፑ ጥያቄ ይግባበት። እሱም ካልሆነ ስትከፍቺ በአንደበትሽ ተናገሪው፦ «ርዕሳችን ሰፊ ነው፤ ዛሬ ግን ከእሱ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ ነው የምናየው።» ከዚያ ወዲያው ከወረቀቶቹ አንዷን አንብቢ። እስካሁን ካየሁት፣ ታዳሚ አንድ እውነተኛ ታሪክ ከሰማ በኋላ ባነሩ ምን ይል እንደነበር ተመልሶ አያይም።